መጠጥ ካቆመ በኋላ ቡና ለምን ያስጨንቀዋል?

እህቱ ነኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ወንድሜ 38 ዓመቱ ነው። ቢራና አረቄ በየቀኑ ይጠጣ ነበር፤ በሐኪም ክትትል ካቆመ 7 ሳምንት ሆነው። መንቀጥቀጡና ላቡ በመጀመሪያው ሳምንት አለፈ። አሁን ያስቸገረው ቡና ነው። ድሮ ከአቦል እስከ በረካ ጠጥቶ ለጥ ብሎ የሚተኛ ሰው፣ አሁን አንድ ሲኒ ሲቀምስ ልቡ ይመታል፣ ደረቱን ይጨንቀዋል፣ «የሆነ ነገር ሊደርስብኝ ነው» ይላል።

ጠዋት ቤት 3 ሲኒ፣ ሥራ ቦታ 2 ማኪያቶ፣ ማታ 12 ሰዓት ገደማ ደግሞ ቤት 2 ሲኒ ይጠጣል። ቡናው ያው፣ የምታፈላውም ያቺው እናታችን ናት። ሰው «ጉበቱ ተጎድቶ ቡናውን ማጣራት አቅቶት ነው» ይለዋል። እውነት ነው? ጨርሶ ይተወው እንዳልል፣ አመሻሹ ባዶ ሆኖበት ወደ መጠጡ እንዳይመለስ እሰጋለሁ።

ጨው በቡና

እህቴ፣ የጉበቱን ነገር እናስቀድመው። ካፌይንን፣ የቡናውን አነቃቂ ንጥረ ነገር፣ የሚሰባብረው ጉበት መሆኑ ልክ ነው፤ ጉበቱ ክፉኛ የተጎዳ ሰው፣ ሲሮሲስ ያለበት ማለት ነው፣ ካፌይኑ ሰውነቱ ውስጥ ብዙ ይቆይበታል። ነገር ግን አልኮል ራሱ ያንኑ ሥራ ያዘገያል። ስለዚህ ጉበቱ ደህና የሆነ ሰው መጠጥ ሲያቆም፣ በዚህ በኩል እንኳ ካፌይኑ ይፈጥንለታል እንጂ አይብስበትም። ምርመራ ካላደረገ ያድርግ፤ ግን ተጠርጣሪው ቁጥር አንድ ጉበት አይደለም።

እኔ የምጠረጥረው ነርቩን ነው። አልኮል አንጎል ውስጥ ጋባ የሚባለውን የሚያረጋጋ መልእክት ያጎላል፣ ግሉታሜት የሚባለውን ቀስቃሽ ደግሞ ያፍናል። ሰው በየቀኑ ሲጠጣ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ማረጋጊያውን እየቀነሰ ቀስቃሹን እየጨመረ ይሄዳል። መጠጡ ሲቀር የተጨመረው በአንድ ቀን አይወርድም። ከባዱ በቀናት ያልፋል፤ መርበትበቱ፣ የተቆራረጠ እንቅልፉና በትንሽ ነገር መደንገጡ ግን ሳምንታት፣ አንዳንዱ ላይ ወራት ይወስዳል። ካፌይን ደግሞ የሚሠራው አዴኖሲን የተባለውን «ደክመሃል፣ እረፍ» የሚል መልእክት ቦታውን ቀድሞ በመያዝ ነው። ነርቩ ገና ባልሰከነ ሰው ላይ እረፍ ባዩንም አፉን ማስያዝ ማለት ነው።

ሌላም አለ። እስከ ዛሬ የቀኑን ቡና ማታ የሚያበርደው መጠጡ ነበር። ጫት ቃሚ ምርቃናውን በጨብሲ እንደሚሰብረው ሁሉ፣ ወንድምሽም ሳያውቀው ቡናውን በቢራ ሲሰብር ኖሯል። ማብረጃው ቀርቶ 7ቱ ቡና እንዳለ ቀጠለ።

ከዚህ በላይ ለማለት ሦስት ነገር ልወቅ፦ ሲጋራ ያጨስ ነበር? ጫትስ? የሚወስደው መድኃኒት አለ?

እህቱ ነኝ

ጫት የለም። ሲጋራ በቀን ግማሽ ፓኮ ነበር፤ መጠጡን ባቆመ በ2ኛው ሳምንት እሱንም ተወ። ለጨጓራው ሲሜቲዲን ይወስዳል፣ ራሱን ሲያመው ፓናዶል ኤክስትራ።

ሚዛን 60

በይ እንግዲህ፣ ግማሹ መልስ እዚህ ጋ ነው።

የሲጋራ ጭስ (ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ) ካፌይን የሚሰባብረውን የጉበት ኢንዛይም ያፋጥናል። አጫሽ ካፌይንን ከማያጨስ ሰው በእጥፍ ገደማ ፍጥነት ነው የሚያስወጣው። ሲጋራ ሲቆም ያ ፍጥነት በቀናት ውስጥ ይወርዳል። ስለዚህ አንድም ሲኒ ሳይጨምር ደሙ ውስጥ የሚገኘው ካፌይን በግምት እጥፍ ሆኗል። «ያው ቡና» የምትይው ለሰውነቱ ያው አይደለም። ማጨስ ያቆመ ሰው ቡናውን ወዲያው በግማሽ ቢቀንስ ይመከራል፤ ይህን ግን ለበሽተኛ የሚነግር ብዙ ሰው የለም።

ሲሜቲዲንም የካፌይንን መውጫ በመጠኑ ያዘገያል። ፋርማሲስቱን ወይም ሐኪሙን ሌላ የጨጓራ መድኃኒት ይሻል እንደሆነ ይጠይቅ እንጂ በራሱ እንዳያቆም። ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘለት ከዚህ የበረታ ነው፤ በነዚያ ቀናት ቡናውን እጅግ ማሳነስ አለበት። መጠጥ እንዳይመለስ የሚሰጠው ዲሰልፊራምም ካፌይንን ያቆያል። ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብልም እንዲሁ ነው።

ፓናዶል ኤክስትራ እያንዳንዱ ፍሬ 65 ሚሊ ግራም ካፌይን አለው። ሁለት ሲውጥ 130 ነው፣ ማለትም ሁለት ማኪያቶ። ተራውን ፓራሲታሞል ይያዝ፤ የመጠጥ ታሪክ ስላለው ግን በቀን ስንት እንደሚውጥ ሐኪሙ ይወስንለት።

የጀበና ሂሳብ

ቁጥሩን ላስቀምጠው። የኛ ቡና አረቢካ ነው፤ ከክብደቱ 1.2 በመቶ ገደማ ካፌይን ነው። ልሙጥ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ቡና 5 ግራም ያህል ይመዝናል። 6 ማንኪያ 30 ግራም፣ 30 ግራም ደግሞ 360 ሚሊ ግራም ካፌይን ነው። ይህ ለ5 ሰው ከአቦል እስከ በረካ ቢደርስ ለአንድ ሰው ቢበዛ 72 ይደርሰዋል። ካፌይን በፈላ ውሃ ቶሎ ስለሚወጣ አብዛኛው በአቦል ይቀዳል፤ ቶና አተላው ውስጥ የቀረውን ይዞ ይመጣል፣ በረካ ጥቂት ብቻ።

ያንኑ 6 ማንኪያ ለ2 ሰው ካፈላችሁት ግን ለአንዱ 180 ይሆናል። ስለዚህ ሲኒ መቁጠር አይበቃም፤ እናታችሁ ስንት ማንኪያ እንደሚጨምሩና ስንት ሰው እንደሚጠጣ ቁጠሪ።

በ5 ሰው ልያዘውና፦ ጠዋት 72፣ ሁለት ነጠላ ማኪያቶ 120 ያህል፣ የማታው አቦልና ቶና 65፣ ሁለት ፓናዶል ኤክስትራ 130። ድምሩ 387። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2015 ለጤነኛ አዋቂ ያስቀመጠው ጣሪያ በቀን 400፣ በአንድ ጊዜ ደግሞ 200 ነው። ወንድምሽ ያንን ሊነካ ነው፤ ያውም ሲጋራው በቆመበት፣ ነርቩ ባልረጋበት። ማኪያቶው በድብል ከሆነማ አልፎታል።

ቡናውን ጨርሶ በአንድ ቀን እንዳይተው። ከመጨረሻው ሲኒ 12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ፍልጠት ይነሳል፣ ሰውነት ይዝላል፣ ሆድ ይብሳል፣ እስከ 9 ቀን ሊቆይ ይችላል። መጠጥ ያቆመ ሰው ይህን የመጠጥ አምሮት ያስመስለዋል፤ አደጋው እዚያ ነው።

መጀመሪያ የሚወርደው የማታው ነው። ካፌይን ግማሹ እስኪወጣ በአማካይ 5 ሰዓት ይፈልጋል፣ ሰው ከሰው ይለያያል። ማታ 12 ሰዓት 65 ከጠጣ፣ 5 ሰዓት ላይ ወደ 32 ይቀራል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ 16። ይህ በጠዋቱና በማኪያቶው ቅሪት ላይ የሚጨመር ነው። ማኪያቶውን ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ አይጠጣ። በሁለተኛው ሳምንት ከሁለቱ ማኪያቶ አንዱ ወተት ብቻ ይሁን። በሦስተኛው ጀበናው ከ6 ማንኪያ ወደ 5፣ ከ4 ቀን በኋላ ወደ 4 ይውረድ። የፈላውን በውሃ ማቅጠን ጥቅም የለውም፤ ቀጭኑን በትልቅ ሲኒ ይጠጣዋልና ካፌይኑ ያው ይገባል። አጥቁሮ መቁላትም ምሬቱን ይጨምራል እንጂ ካፌይኑን አያጠፋም።

ሻይ ቤት ገብቶ «ቡና ትቻለሁ» ብሎ ስፕሪስ የሚያዝም አለ። ስፕሪስ ሻይና ቡና ነው፣ ሁለቱም ካፌይን።

በባዶ ሆድ አይጠጣ። ጾሞ 9 ሰዓት ላይ በመጀመሪያ አቦል የሚይዝ ከሆነ፣ ምግቡን ያስቀድም። የስኳር መውረድ ራሱ ልብ ያስመታል፣ ላብ ያመጣል፣ ከካፌይኑ ጋር ሲገናኝ የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

ጨው በቡና

ለመለየት አንድ ማስታወሻ ደብተር ይበቃል። የጠጣበትን ሰዓት፣ መጠኑንና ልቡ የመታበትን ሰዓት ለ10 ቀን ይጻፍ። ካፌይን ደም ውስጥ የሚበረታው ባብዛኛው ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ነው። ጭንቀቱ ከሲኒው በኋላ በዚያ ሰዓት ከመጣ ቡናው ነው። ገና ቡና ሳይቀምስ ጎህ ሲቀድ ደንግጦ የሚነቃ ከሆነ ግን ቡናው ብቻውን አያስረዳውም፤ ታይሮይድና የደም ማነስ ይታይለት፣ የልብ ምርመራም ይደረግለት።

ሲጨንቀው ቁጭ ብሎ የእጁን የደም ስር ለሙሉ 1 ደቂቃ ይቁጠር። እረፍት ላይ ከ60 እስከ 100 የተለመደ ነው። ቁጭ ብሎ ከ120 በላይ ከሆነ፣ ምቱ ከተዘበራረቀ፣ ደረቱ ላይ ሕመም ካለ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ስለ ቡና ማሰቡን ትቶ ጤና ተቋም ይሂድ።

ደግሞም፣ አያድርገውና ወደ መጠጡ ተመልሶ ጥቂት ሳምንት ከጠጣ፣ በድንገት ቤት ውስጥ አያቁም። የሚጥል በሽታ የሚመስለው መንፈራገጥ መጠጡ ከቆመ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ትኩሳት፣ መቃዠትና የሌለ ነገር ማየት ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን። ይህ ሆስፒታል የሚታከም ነው። ጭንቀቱ ለብቻው ከቀጠለም አዲስ አበባ ካላችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፤ «እዚያ ከታየሁ ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የሚቀር ብዙ ነው፣ እሱ እንዳይቀር።

እህቱ ነኝ

ተባረኩ። ሁለት ነገር ቀረኝ። እናቴ «አቦል ሳይጠጣ እንዴት ይሆናል» ትላለች። አክስታችን ደግሞ ከሐረር የቡና ቅጠል ቁጢ ላከችልን፣ እሱ ምንም የለውም ትላለች።

ሚዛን 60

ቁጢም ካፌይን አለው፣ ቀሽሩም (የቡናው ገለባ) እንዲሁ። ከፍሬው ያነሰ ቢሆንም ለማታ አይሆንም። ለማታ ሻይ ቅጠል የሌለበት የቅመም ሻይ ይሁንለት፦ ቀረፋ፣ 2 ቅርንፉድ፣ ሄል፣ ዝንጅብል፣ 10 ደቂቃ ይፍላ። አብሽም ተልባም ይሆናሉ። ዕጣኑም ፈንዲሻውም ሳይቀር፣ በዚያችው ሲኒ፣ በዚያችው ሰዓት ይጠጣው። ሰዓቱ ባዶ እንዳይሆን ብለሽ የፈራሽው ልክ ነሽ።

እናታችሁ ደግሞ አቦሉን ለቤተ ሰቡ ይቅዱና እሱን ከቶና ያስጀምሩት። ማንንም ሳያስቀይም ካፌይኑ ከግማሽ በላይ ይወርዳል።

ዲሲ ማዶ

ውጭ አገር ዘመድ ካላችሁ ዲካፍ (ካፌይኑ የወጣለት) ያልተቆላ ቡና ላኩልን በሏቸው። በአንድ ኩባያ የሚቀረው ከ2 እስከ 15 ሚሊ ግራም ብቻ ነው። ለእናታችሁ ግን አስቀድማችሁ ንገሯቸው፦ ጥሬው ራሱ ቡናማ ነው፣ አረንጓዴ አይደለም። በለመዱት ቀለም ከሄዱ ይሳሳታሉ። እሳቱን ለስለስ አድርገው፣ ሽታውንና የመንጣጣቱን ድምፅ ተከትለው ያውጡት።