የሶፍትዌር ስህተቶችንና ማስተካከያዎችን ለሁሉም ክፍት የሚያደርግ መዝገብ በጅማ እንዴት እናደራጅ?

ጥያቄ፣ ከኪቶ ፉርዲሳ

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጅማ ውስጥ ጥቂት ወጣቶች ሆነን ለአማርኛና ለአፋን ኦሮሞ የሚያገለግል የስልክ ኪቦርድ በክፍት ምንጭ ፈቃድ (ማንም ኮዱን እንዲያይና እንዲያሻሽል በሚፈቅድ) እያዘጋጀን ነው። ተጠቃሚዎች ያጋጠማቸውን ስህተት የሚነግሩን በቴሌግራም ቡድናችን ሲሆን፣ መልእክቱ በሌላ ወሬ ስለሚዋጥ አንዱ ስህተት ደጋግሞ ሲነገረን ሌላው ጨርሶ ይረሳል። ማስተካከያ የሚልኩልንም ፋይሉን እዚያው ስለሚያያይዙት የትኛው ፓች (የማስተካከያ ፋይል) የትኛውን ስህተት እንደሚፈታ መለየት አቅቶናል። ስለዚህ ማንም ገብቶ የሚያይበትና የሚያስመዘግብበት ድረ ገጽ ለመክፈት አስበናል። ከመካከላችን ገሚሱ ባግዚላ የተባለውን የስህተት መዝገብ ሶፍትዌር በራሳችን ኮምፒውተር ላይ እንጫን ሲል ገሚሱ ጊትላብ የተባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ይበቃናል ይላል። ልምድ ያላችሁ ብትመክሩን እናመሰግናለን።

መልስ፣ ከሕርማታ

ባግዚላ በ1998 እ.ኤ.አ. ለሞዚላ የድር አሳሽ ፕሮጀክት የተሠራና ዛሬም የሚያገለግል መሣሪያ ነው፤ ነገር ግን የተነደፈው ብዙ ክፍሎች ላሉት ትልቅ ሥራ ስለሆነ ለእናንተ የሚበዛ ይመስለኛል። መብራት በጠፋ ቁጥር የሚዘጋ መዝገብ ደግሞ የሰውን እምነት ያሳጣችኋል። ኮዳችሁ ጊትላብ ላይ ካለ የስህተት መዝገቡም እዚያው ይሁን። ዋናው ጥቅሙ ማስተካከያው ከስህተቱ ጋር በቁጥር መተሳሰሩ ነው፤ በኮሚት መልእክቱ (የኮዱን ለውጥ ስታስቀምጡ በምትጽፉት ማብራሪያ) ውስጥ የመዝጊያውን ቃልና የስህተቱን ቁጥር ከጻፋችሁ፣ ለውጡ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ (ወደ ዋናው የኮድ ቅጂ) ሲገባ ስህተቱ በራሱ ይዘጋል፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣ ሰውም ያ መስመር ለምን እንደተቀየረ ተከትሎ ያገኘዋል።

መልስ፣ ከአጂፕ

ከላይ በተሰጠው ምክር ብስማማም አንድ የጎደለ ነገር አያለሁ። ኪቦርዱን የሚጠቀሙት ነጋዴዎች፣ ተማሪዎችና እናቶች አካውንት ከፍተው በእንግሊዝኛ ቅጽ ላይ ስህተት ያስመዘግባሉ ብዬ አልጠብቅም። የዴቢያን (በሊኑክስ ላይ የተመሠረተ የኮምፒውተር ሥርዓት) የስህተት መዝገብ ሪፖርት የሚቀበለው በኢሜይል ነው፤ ጊትላብም ወደ አንድ አድራሻ የተላከን ኢሜይል ወደ መዝገብ የሚለውጥ አገልግሎት አለው። ቴሌግራሙንም አትዝጉት። በየሳምንቱ አንድ ባለ ተራ መድቡና የተነገረውን ወደ መዝገቡ አዛውሮ የተሰጠውን ቁጥር ለተናጋሪው ይመልስለት። ይህን ተረኛ ሳታገኙ ድረ ገጹን አትክፈቱ እላለሁ፤ መልስ የማይሰጥበት መዝገብ ባይኖር ይሻላል።

ቅጹ አጭር ይሁን፦ የስልኩ ዓይነት፣ የአንድሮይድና የኪቦርዱ ስሪት፣ ምን እንደተጻፈ፣ ምን ይወጣል ተብሎ እንደተጠበቀና ምን እንደወጣ። ሪፖርቱን በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ተቀበሉ። የወጣው ጽሑፍ በፎቶ ብቻ ሳይሆን ተቀድቶ እንዲለጠፍ አጥብቃችሁ ጠይቁ፤ የግዕዙ ሁለት ነጥብና የላቲኑ ኮለን በፎቶ ላይ አንድ ቢመስሉም ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ምልክቶች ናቸው፤ በኪቦርድ ሥራ ላይ ደግሞ ስህተቱ ብዙ ጊዜ ያለው እንዲህ ባለው ቦታ ነው።

መልስ፣ ከጅማ ወጥቼ አዲስ አበባ የምሠራ

ስለ ፍለጋ ማንም አላነሳም። አንዱ «ፀሐይ» ብሎ ያስመዘገበውን ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ቢፈልገው አያገኘውም፤ ስለዚህ ያንኑ ስህተት እንደ አዲስ ያስገባዋል። የራሳችሁን መዝገብ ማይኤስኪውኤል ከተባለው የመረጃ ቋት ጋር ብትጭኑ ሌላም ችግር አለ፤ በውስጡ መረጃውን የሚያከማቸው ኢኖዲቢ የሚጠቀምበት የሙሉ ጽሑፍ ፍለጋ ካልቀየራችሁት በስተቀር ከሦስት ፊደል ያነሰ ቃል አይመዘግብም፤ ለእንግሊዝኛ ይህ ብዙ ባይጎዳም «ቃል»ን እና «ቤት»ን የመሳሰሉ ቃላት ግን ከፍለጋው ይወጣሉ። ተረኛው ርዕሱን ሁልጊዜ በአንድ የፊደል አጻጻፍ አስተካክሎ ቢያስገባና የኪቦርዱን ክፍል በመለያ ቢያመለክት፣ ድግግሞሹ በብዙ ይቀንሳል።

ጠያቂው እንደገና

እግዚአብሔር ይስጥልን። የራሳችንን ኮምፒውተር ሐሳብ ትተነዋል። ሁሉም ስህተት ለሕዝብ ይታይ ወይ የሚለውና ከማናውቀው ሰው የሚመጣን ማስተካከያ እንዴት እንቀበል የሚለው ግን አሁንም ያከራክረናል።

መልስ፣ ከሕርማታ

ኪቦርድ ሰው የሚጽፈውን ሁሉ፣ የይለፍ ቃልንም ጭምር ያያል። ስለዚህ የተጻፈን ነገር ለሌላ የሚያጋልጥ ስህተት ማስተካከያው እስኪወጣ ድረስ በምስጢር መያዝ አለበት፤ ጊትላብ ሪፖርቱን ለቡድኑ አባላት ብቻ የሚያሳይ ምርጫ አለው። ይሁን እንጂ ምስጢሩ ገደብ ይኑረው፤ የደኅንነት ስህተቶችን የሚፈልገው የጉግል ፕሮጀክት ዜሮ ቡድን ያገኘውን ለሕዝብ ከማውጣቱ በፊት ለሶፍትዌር አምራቾች በመደበኛነት የሚሰጠው 90 ቀን ነው፤ ለእናንተም ከዚያ የሚበልጥ አያስፈልግም። ሌላው ሁሉ ክፍት ይሁን፤ «አንሠራውም» ብላችሁ የዘጋችሁትም ቢሆን ከነምክንያቱ ይታይ።

ማስተካከያውን በተመለከተ የሊኑክስ ከርነልን (የሊኑክስ ሥርዓት እምብርት የሆነውን ሶፍትዌር) አሠራር ተከተሉ። እዚያ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላኪው ኮዱን በፈቃዱ መሠረት የመስጠት መብት እንዳለው በኮሚቱ መጨረሻ ላይ ስሙንና ኢሜይሉን አስፍሮ ያረጋግጣል። በቴሌግራም ያለ ስም የመጣ ፋይል ካላችሁ፣ ላኪውን ፈልጋችሁ ይህን መስመር እስኪጨምር ድረስ ወደ ዋናው ቅርንጫፍ አታስገቡት።