በደፍና በመስቀለኛ መንገድ የሚፈጸሙ ሥርዓቶች፦ ኃይሉ የቦታው ነው ወይስ የተሻጋሪው?

ጥያቄ፣ ከ«ሌሊት አንባቢ»

ሰላም ለሁላችሁም። በምዕራቡ ዓለም ራሳቸውን ያለ ሐፍረት ጠንቋይ ብለው የሚጠሩ ሰዎች ስለሚከተሉት ዘመናዊ ልምምድ ሳነብ፣ ሥርዓት የሚፈጸምባቸው ቦታዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም በሁለት ነገሮች መካከል የሚገኙ መሆናቸውን አስተዋልሁ። መስቀለኛ መንገድ፣ የበር ደፍ፣ ድልድይ፣ ውሃና የብስ የሚገናኙበት ዳርቻ፣ የመቃብር ስፍራ በር ደጋግመው ይጠቀሳሉ። ሰዓቱም ቢሆን ቀኑ ጨርሶ ያልመሸበት ወይም ሌሊቱ ገና ያልነጋበት፣ አለዚያም ጨረቃ ፈጽማ የማትታይበት ነው። ጸሐፊዎቹ ምክንያቱን ሲጠየቁ «በዚያ ቦታ በዚህ ዓለምና በመናፍስት ዓለም መካከል ያለው መጋረጃ ስስ ነው» ብለው ያልፋሉ፤ ይህ ግን ጥያቄውን በሌላ አነጋገር መድገም እንጂ መልስ አይመስለኝም።

በጥንት ዘመን የነበሩ ሰዎች ኃይሉ የቦታው የራሱ ነው ብለው ያምኑ ነበር ወይስ ቦታው ልዩ የሚሆነው ሰው ከአንድ ሁኔታ ወደ ሌላው ሲሻገርበት ብቻ ነው? ደግሞስ ባለፉት ጥቂት ዓመታት በበይነ መረብ የተስፋፉት፣ ሰው የሌለባቸው ኮሪደሮችና የገበያ አዳራሾች ፎቶዎች ከዚሁ ጋር ዝምድና አላቸው? የምጠይቀው ለማመንም ለመንቀፍም ሳይሆን ነገሩን ለመረዳት ነው።

መልስ፣ ከ«መዝገብ ፈታሽ»

ከመጀመሪያው ጥያቄዎ ልነሣ። የጥንቱን ማስረጃ ስንመለከት ደፍ በቅድሚያ የሚጠበቅ እንጂ ተፈልጎ የሚኬድበት ቦታ አልነበረም። በነነዌ ከአሦር ንጉሥ አሹርባኒፓል ቤተ መንግሥት በር አጠገብ ተቀብረው የተገኙ፣ ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኙ አምስት ትንንሽ የሸክላ ውሾች አሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት የተሠሩ ሲሆኑ ስማቸው በገላቸው ላይ ተቀርጿል። አንዱ «ክፉን አባራሪ»፣ ሌላው «ጠላትን ያዥ» ይባላል፤ እኔን ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን «አታስብ፣ ንከስ!» የተባለው ነው። ይህን ስም ያወጣ ሰው በሩን ከመናፍስት ጋር የሚነጋገርበት ስፍራ አድርጎ እንዳላየው ግልጽ ነው።

ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በ17ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝም ሐሳቡ ከዚህ ብዙ አልራቀም። መተት ተደርጎብኛል ብሎ የሚፈራ ሰው ሽንቱን ከተጣመሙ ምስማሮችና ከመርፌዎች ጋር በጠርሙስ አሽጎ ከምድጃው ወይም ከደፉ ሥር ይቀብር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2004 በግሪኒች የተገኘው አንድ ጠርሙስ እስከዚያ ድረስ ሳይከፈት በመቆየቱ በቤተ ሙከራ ሊመረመር ችሏል፤ ከውስጡም ሽንት፣ ፀጉር፣ የጥፍር ቁራጭ፣ ድኝ፣ እንዲሁም በልብ ቅርጽ የተቆረጠና ምስማር የተሰካበት ቆዳ ወጥቷል።

መስቀለኛ መንገድ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። በር ባለቤት አለው፤ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ግን የማንም አይደለም፤ ስለዚህም ማንም የማይፈልገው ነገር ሁሉ መድረሻው እዚያ ሆነ። ግሪኮች ጨረቃ በምትሰወርበት የወር መጨረሻ ሔካቴ ለምትባል አምላካቸው ምግብ የሚያስቀምጡት ሦስት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ነበር፤ ቤትን ከርኩሰት ካጸዱ በኋላ የተረፈውም ወደዚያው ይጣላል፤ የጣለውም ሰው ወደ ኋላው ሳያይ መመለስ ነበረበት። ሮማውያን ኮምፒታሊያ በሚሉት በዓል በመንገድ መገናኛ ለሚጠብቁ አማልክት ለእያንዳንዱ ነፃ የቤተሰብ አባል አንድ የሱፍ አሻንጉሊት፣ ለእያንዳንዱ ባሪያ ደግሞ አንድ የሱፍ ኳስ ይሰቅሉ ነበር፤ ሕያዋኑን ትተው እነዚህን እንዲወስዱ ማለት ነው። ባሪያው በመንፈስ ፊት እንኳ የሰው ቅርጽ እንዳልተሰጠው ልብ ይሏል።

በ11ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የዎርምሱ ጳጳስ ቡርካርድ ለንስሐ አባቶች ባዘጋጀው መጠይቅ ውስጥ፣ በአዲስ ዓመት ሌሊት በመስቀለኛ መንገድ በበሬ ቆዳ ላይ ተቀምጠህ የመጪውን ዓመት ዕጣህን ለማወቅ ሞክረሃልን የሚል ይገኝበታል። እንግሊዞችም ራሳቸውን ያጠፉ ሰዎችን በመንገድ መገናኛ ይቀብሩ ነበር። ይህን ያስቀረው እ.ኤ.አ. የ1823 ሕግ ሟቾቹ ያለ ጸሎት፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ባለው ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዲቀበሩ አዘዘ፤ ሰዎቹን ከመካከለኛ ቦታ አንሥቶ ለመካከለኛ ሰዓት አስረከባቸው ማለት ይቻላል። በእኔ አስተያየት ስለዚህ ኃይሉ የቦታው ነው፤ ምንጩም ቦታው ባለቤት ማጣቱ ነው።

መልስ፣ ከ«የሥርዓት ተማሪ»

በማስረጃው እስማማለሁ፤ በድምዳሜው ግን አልስማማም። የሕዝቦችን ባህል ያጠና የነበረው አርኖልድ ቫን ዤኔፕ እ.ኤ.አ. በ1909 ስለ መሸጋገሪያ ሥርዓቶች ሲጽፍ እሱም እንደ እርስዎ ከድንበርና ከደፍ ነበር የተነሣው፤ ዋናው ግኝቱ ግን ሥርዓቱ ሦስት ደረጃ ያለው መሆኑ ነው። ሰውየው መጀመሪያ ከነበረበት ይለያል፣ ቀጥሎ በመካከል ይቆያል፣ በመጨረሻ በአዲስ ማዕረግ ተመልሶ ይቀላቀላል። አንትሮፖሎጂስቱ ቪክተር ተርነር በዛምቢያ በንዴምቡ ሕዝብ መካከል ያጠናው የአለቃ ሹመት ይህን ከማንም በላይ ያሳያል። ከሹመቱ በፊት ከዋናው መንደር አንድ ማይል ያህል ርቃ የቅጠል ጎጆ ትሠራለች፤ ተሿሚውና ሚስቱ ቡቱቶ ለብሰው፣ አንገታቸውን ደፍተው ይቀመጣሉ፤ ቅር የተሰኘ ሁሉ እየመጣ ራስ ወዳድ፣ ቁጡ፣ ስስታም እያለ ይሰድበዋል። እሱ መልስ አይሰጥም፤ ከተሾመም በኋላ በዚያች ሌሊት ስለ ሰማው ነገር ማንንም ሊበቀል አይችልም። ጎጆዋ ለዚያ ሥርዓት ተብላ የተሠራች ቅጠል ናት፤ ኃይሏን የሰጣት ተሻጋሪው ነው።

የዘመናዊው ልምምድ ጉድለትም እዚሁ ላይ ይታየኛል። ሁለተኛውን ደረጃ ይወዳል፤ ሦስተኛውን ይረሳል። ፎቶዎቹን በተመለከተ፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 ወዲህ የተስፋፋው ባዶ ቢጫ ክፍልና መሰሎቹ የሚያስጨንቁን ለመተላለፊያ በተሠራ ቦታ የሚተላለፍ ሰው ስለሌለ ይመስለኛል። ስሜቱ እውነተኛ ነው፤ መግቢያም መውጫም የሌለው በመሆኑ ግን ሥርዓት ልለው አልደፍርም።

መልስ፣ ከ«ማለዳ»

ልምምዱን ከሚከተሉት አንዷ ስለሆንሁ ከውስጥ ጥቂት ልጨምር። «የሥርዓት ተማሪ» ስለ ሦስተኛው ደረጃ ያሉት ትክክል ነው፤ ሁላችንም ረስተነዋል ማለታቸው ግን ከእውነት ይርቃል። እኔ ጨረቃ በምትሰወርበት ምሽት ቤቱን ከጓዳ እስከ በሩ ድረስ እጠርጋለሁ፤ ጥራጊውን ደፉን አሻግሬ እገፋለሁ፤ ከደጅ ቆሜ ትቼው የምሄደውን ነገር በስሙ እጠራለሁ፤ ከዚያ ገብቼ በሩን እዘጋና እጄን እታጠባለሁ። መዝጋትና መታጠብ ከሌለ ነገሩ አላለቀም። ይህንኑ በክፍሉ መሀል ቆሜ ባደርገው ግን ቃል ብቻ ይሆንብኛል፤ እግሬ አንዱን ወለል ለቅቆ ሌላውን ሲረግጥ ሰውነቴ ነገሩን ከአእምሮዬ ቀድሞ ይረዳዋል። ስለዚህ ቦታውንና ተሻጋሪውን መለየት አይሆንልኝም።

ለጀማሪዎች የምለው ደግሞ የጥንቱ መስቀለኛ መንገድ መኪና አልነበረበትም። በሌሊት በአስፋልት መካከል መቆም፣ ፕላስቲክና የሻማ ማቀፊያ ጥሎ መሄድ፣ የተዘጋ የመቃብር ስፍራ አጥር መዝለል ከመንፈሳዊነት አይቆጠርም። የራስዎ በር ይበቃል።

ተጨማሪ ጥያቄ፣ ከ«ሌሊት አንባቢ»

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ብዙ ጽሑፎች ሔካቴንና የሃይቲውን መንፈስ ሌግባን «የመስቀለኛ መንገድ ኃይል» በሚል አንድ ርዕስ ሥር አቀላቅለው፣ አንባቢው የተመቸውን እንዲጠራ ይመክራሉ። ይህ ያስኬዳል?

መልስ፣ ከ«የሥርዓት ተማሪ»

አያስኬድም። ቦታው ስለተመሳሰለ ሥራቸው አንድ አይሆንም። ቮዱ በሚባለው የሃይቲ ሃይማኖት ሌግባ ከሁሉ በፊት ይጠራል፤ እሱ በሩን ካልከፈተ ከሌሎቹ መናፍስት ጋር መገናኘት አይቻልምና። ሥሩም በምዕራብ አፍሪካ በፎን ሕዝብ ዘንድ ካለው ሌግባ ይመዘዛል። ቮዱ ካህናት፣ የምሥጢር አቀባበል ሥርዓትና የሚከተለው ማኅበረሰብ ያሉት ሕያው ሃይማኖት ነው፤ ሌግባም እንግዳ ሰው በመጽሐፍ አንብቦ ብቻውን የሚጠራው አይደለም። የሔካቴ ጥንታዊ አምልኮ ግን ተቋርጦ የዛሬዎቹ ከጽሑፍ የሰበሰቡት ስለሆነ፣ ሲሳሳቱ የሚያርማቸው ባለቤት የለም። ሌግባን መቅረብ የሚፈልግ ሰው ወደ መንገድ መገናኛ ከመሄዱ በፊት ወደ ባለቤቶቹ ሄዶ ፈቃድ ይጠይቅ።