ጥቆማ፦ ባሕር ዳር ለቤተሰብ የፊልም ምሽት ምን ይታይ? ፕሮጀክተርስ ከማን ይከራያል?

ሽምብጥ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ ማታ ግቢ ውስጥ አንሶላ ወጥረን ፊልም ልናሳይ ነው። ሃያ ሰው ገደማ ይመጣል። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባቶችና እናቶች አሉ፤ ከ8 እስከ 12 ዓመት የሆኑ ልጆችም አሉ። በአማርኛ የተሠራ ደህና ፊልም ጠቁሙኝ። የምታምኑት ፕሮጀክተር አከራይ ካለም ንገሩኝ።

በዛዊት፦ «ጤዛ»። ሌላ አልጠራም። የኃይሌ ገሪማ ሥራ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞች ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰት ሽልማት፣ በ2009 ዋጋዱጉ ላይ ዋናውን ሽልማት ወስዷል። ደርግን ያየ ሰው ከዚህ ፊልም ዓይኑን አይነቅልም።

ዓባይ ማዶ፦ ወንድሜ፣ ልጆች አሉ ተብሏል እኮ። «ጤዛ» 140 ደቂቃ ነው። ታሪኩ ከመንደር ወደ ጀርመን፣ ከጀርመን ወደ አዲስ አበባ ወደፊትና ወደኋላ ይሄዳል። ድብደባ አለ፣ ግድያ አለ፣ ልጆችን ለጦርነት ሲያፍሱ ይታያል። ትልቅ ፊልም ነው፤ ለዚህ ምሽት ግን አይሆንም።
«ላምብ» ይሻላል፤ ያሬድ ዘለቀ፣ እ.ኤ.አ. 2015፣ 94 ደቂቃ። በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ አጎቱ ለበዓል ሊያርድ ያሰበውን በግ ለማዳን ይጥራል፤ ወጥ መሥራት የሚወድ ወንድ ልጅ ስለሆነ ቤት ውስጥ የሚገጥመውም አለ። ልጆቹም አባቶችም የየራሳቸውን ያገኙበታል። ጉድለቱን ልናገር፦ ካሜራው ተራራውን ከሰዎቹ አስበልጦ ይወዳል፣ መሃሉ ላይ ይንቀራፈፋል።

ድባንቄ፦ ፊልሙ ይቆይ፣ መጀመሪያ ፕሮጀክተሩ። ስሙን የማልጠራው አንድ አከራይ ካርቶኑ ላይ «9,000 ሉመን» የተጻፈበት ሰጥቶ፣ ግድግዳው ላይ የመጣው ጥላ ነበር። ገንዘብ አይመለስም አለ። እንዳትታለሉ!

ጊዮርጊስ ሰፈር፦ እኔ ከደንበኛዬ ቤት ሌላ አልሄድም። ሁሌም ጥሩ ናቸው።

ድባንቄ፦ ስንት አንሲ ሉመን ነው የሚሰጡት? በመለኪያ የተለካውን የብርሃን መጠን ማለቴ ነው።

ጊዮርጊስ ሰፈር፦ ቁጥሩን አላውቅም። ሰዎቹ ግን ታማኝ ናቸው።

ድባንቄ፦ ታማኝነታቸው አንሶላ ላይ አይበራም፣ ወንድም። ቁጥሩን ጠይቅላት።

ዲፖ፦ በናታችሁ አትጣሉ። እህቴ፣ አከራዩን ሦስት ነገር ጠይቂ። አንደኛ፣ ብርሃኑ በ«አንሲ ሉመን» ስንት ነው? ትንንሾቹ የኤልኢዲ ፕሮጀክተሮች ካርቶናቸው ላይ በሺዎች ቢጻፍም ብዙዎቹ ሁለትና ሦስት መቶ አይሞሉም። 3 ሜትር ስፋት ላለው አንሶላ ከ2,500 በታች አትቀበይ። ሁለተኛ፣ የራሱ የምስል ጥራት (ሪዞሉሽን) ስንት ነው? «1080 ይደግፋል» ማለት ፋይሉን ይቀበላል ማለት ብቻ ነው፤ ውስጡ 800 በ480 ነጥብ ሊሆን ይችላል፣ የትርጉም ጽሑፍ አይነበብም። ሦስተኛ፣ አምፖሉ ስንት ሰዓት ሠርቷል? ሜኑው ውስጥ ይታያል፤ አብርተው ያሳዩሽ።
ርቀቱ አብዛኛውን ጊዜ የአንሶላው ስፋት አንድ ተኩል እጥፍ ነው፤ ለ3 ሜትር 4 ሜትር ተኩል ገደማ።

ፓፒረስ፦ ዲሽ ካላችሁ ለምን ትለፋላችሁ? ኢትዮሳት 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ከባሕር ዳር ሳህኑ በኮምፓስ ወደ 120 ዲግሪ፣ ማለትም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይዞራል፤ ከአድማስ ወደ 63 ዲግሪ ቀና ይላል። ፍሪኩዌንሲ 11105 አግድም፣ ሲምቦል ሬት 45000 ፈልጉ። የናይልሳቱን አቅጣጫ ይዞ የቀረ ሳህን ምንም አያመጣም፤ እሱ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው።

ዓባይ ማዶ፦ ጥሩ መረጃ ነው፤ ግን ስለ ዲሽ የጠየቀ የለም።

በዛዊት፦ «ጤዛ» ይቅር ካላችሁ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ይታይ። እ.ኤ.አ. 1976፣ ጥቁርና ነጭ። ባለመሬቱን ጥላ ሥር ተቀምጦ ገበሬውን ሲያዝ ያያችሁ እንደሆነ፣ ጭሰኝነትን የሚያስታውሱ አባቶች ራሳቸው መተረክ ይጀምራሉ።

ዓባይ ማዶ፦ እሱ ደግሞ 150 ደቂቃ! ለልጆች አዝኑ። «ድፍረት»ም ቢሆን (እ.ኤ.አ. 2014፣ 99 ደቂቃ) በደንብ የተሠራ ነው፤ ግን የ14 ዓመት ልጅ ጠለፋ ስለሆነ ከልጆች ጋር ከማየት በፊት ወላጆች ይነጋገሩበት።

ቀበሌ 14፦ ከሁለት ሰዓት ፊልም ይልቅ «ምን ልታዘዝ» ከሚለው የቴሌቪዥን ኮሜዲ ሁለት ክፍል ብታሳዩስ? አንድ ካፌ ውስጥ ያልቃል፣ ንግግሩ ይጥማል። ሽማግሌዎቹ ግን ከልጆቹ ይበልጥ ይስቃሉ።

ሽምብጥ (ጠያቂ)፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግቢው ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። በራሪው ነፍሳት አያስቸግርም? መብራት ቢጠፋስ?

ዲፖ፦ ነፍሳቱ ብርሃን ያለበት ይሄዳል። 15 ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ፣ በሐይቁ በኩል አንድ ደማቅ ነጭ አምፖል አብሩ፤ ግቢ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጥፉ። ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል በፊት አትጀምሩ፣ ሰማዩ ገና ነጭ ነው። አንሶላውን ከላይ ብቻ አትስቀሉት፤ ከታችም እንጨት አስገብታችሁ በገመድ ወጥሩት፣ አለበለዚያ ነፋስ የተዋናዩን ፊት ያጣምመዋል። ድምፁን በብሉቱዝ አትላኩ፣ ከከንፈር ይዘገያል፤ በሽቦ ይሁን።
ስለ መብራት፦ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር በድንገት ሲጠፋ ማራገቢያው ስለሚቆም አምፖሉ በሙቀት ይጎዳል። መካከለኛ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚተካ ባትሪ) ፊልሙን አያስጨርስም፤ በወጉ አጥፍቶ ለማቀዝቀዝ የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ግን ይሰጣል። ጄኔሬተር ካላችሁ ከቤቱ ጀርባ ይሁን፤ ጭሱም ድምፁም ሰው ወዳለበት እንዳይመጣ።

ጊዮርጊስ ሰፈር፦ ደንበኞቼን ጠየቅኩ፤ 3,000 አንሲ ነው አሉ። ከነዩፒኤሱ ያከራያሉ።

ድባንቄ፦ አሁን ገና መልስ መጣ። አብርተው ያሳዩ።