አንድ ጊዜ ወድቄያለሁ፤ የመንዳት አሰልጣኜን ልቀይር?

ጠያቂ (ሰሜን ለንደን)፦

ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ለስድስት ዓመታት መኪና ስነዳ ኖሬ ወደ ለንደን ከመጣሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የኢትዮጵያው መንጃ ፈቃዴ እዚህ የሚያገለግለው ለ12 ወራት ብቻ በመሆኑ፣ እንደ ማንኛውም ጀማሪ ፕሮቪዥናል (የተለማማጅ መንጃ ፈቃድ) አውጥቼ የጽሑፉን ፈተና ካለፍሁ በኋላ ባለፈው ሳምንት ለተግባር ፈተና ቀረብሁና ወደቅሁ። ስድስት ቀላል ስህተቶችና አንድ ከባድ ስህተት ተመዝግቦብኛል፤ እስከ 15 ቀላል ስህተት ድረስ ማለፍ እንደሚቻል፣ አንድ ከባድ ስህተት ግን ብቻውን እንደሚጥል ታውቃላችሁ።

ከባዱን ስህተት የሠራሁት አደባባይ ላይ ነው። መግቢያው ላይ ቆሜ ከቀኝ የሚመጡትን ስጠባበቅ ለመግባት የሚበቃ ክፍተት ሁለት ጊዜ አለፈኝ። ከኋላዬ ያለው ሹፌር ክላክስ ሲያሰማ ደነገጥሁና ፍሪሲዮኑን ለቅቄ ገባሁ፤ ወዲያው አንድ ነጭ ቫን በቀኜ ብቅ ሲል ፈታኟ በእርሷ በኩል ያለውን ፍሬን ረገጠች። ከዚያ በኋላ የቀረውን ሃያ ደቂቃ የነዳሁት መውደቄን እያወቅሁ ነው።

አሰልጣኜ በቤተ ክርስቲያን የምንተዋወቅ፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ ጋር የሚቀራረብ ሰው ናቸው። የሚያስተምሩኝ በአማርኛ ነው፤ አይቆጡም፤ ዋጋቸውም ከሌሎች ያነሰ ነው። ቅር የሚለኝ ትምህርቱ አብዛኛውን ጊዜ ሩብ ሰዓት ዘግይቶ መጀመሩ፣ ከፈተናው በፊት አንድም ቀን እንደ እውነተኛ ፈተና አድርገው አለመሞከራቸው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ መውደቄን ስነግራቸው «ዕድል ነው፤ ፈታኟ ጨካኝ ናት» ብለው ነገሩን ማለፋቸው ነው። ከእርሳቸው ብለይ እሑድ እሑድ ፊታቸውን እንዴት እንደማይ አላውቅም። በሌላ በኩል የጽሑፍ ፈተናዬ ውጤት የሚጸናው ለሁለት ዓመት ሲሆን የቀረኝ ዘጠኝ ወር ነው፤ ያገኘሁት የቅርቡ የተግባር ፈተና ቀጠሮ ደግሞ ከአምስት ወር በኋላ ነው። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፣ አሰልጣኝ ከበርሚንግሃም፦

እኅቴ፣ በቅድሚያ አይዞዎት። ጥያቄዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ የሚዘገየው ሩብ ሰዓት ገንዘብዎን ስለሚበላ በግልጽ ሊነግሯቸው ይገባል፤ እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ግን እርስዎ ያልጻፉት ነገር ነው። በልምምድ ጊዜ አደባባይ መግቢያ ላይ ስትቆሙ «አሁን ግቢ» የሚለው ማን ነበር?

ይህንን የምጠይቀው እኔ ራሴ ሥራውን ስጀምር ከፈጸምኋቸው ስህተቶች ትልቁ ይኸው ስለነበረ ነው። ተማሪዋ ስታመነታ ከኋላ መኪና ይደረደራል፤ አሰልጣኟ ትጨነቅና «ሂጂ፣ ሂጂ» ትላለች፤ ተማሪዋም ትሄዳለች፤ ሁለቱም ትምህርቱ የሠመረ መስሏቸው ወደ ቤታቸው ይገባሉ። መንገዱን ያየችው፣ የሚመጣውን መኪና ፍጥነት የገመተችውና የወሰነችው ግን አሰልጣኟ ናት፤ ተማሪዋ ያደረገችው ፍሪሲዮን መልቀቅ ብቻ ነው። ፈታኝ አቅጣጫ ከመንገር በቀር ዝም ስለሚል፣ እንዲህ የሠለጠነች ተማሪ በፈተናው ቀን ክፍተቱን በዓይኗ እያየች እንኳ የለመደችውን ድምፅ ትጠብቃለች። ሁለቱ ክፍተቶች ያለፉዎት በዚህ ምክንያት ከሆነ፣ ያው ትምህርት ለአምስት ወር ቢቀጥል ያው ውጤት ይመጣል።

ስለዚህ ከመወሰንዎ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩ፤ አደጋ ካልመጣ በቀር ለ40 ደቂቃ አንዳች እንዳይናገሩ ይለምኗቸው፤ መንገዱም አደባባይ የሚበዛበት ይሁን። በተጨማሪ በፊት መስታወቱ ላይ የተለጠፈውን መታወቂያ ይመልከቱ። ሙሉ ብቃቱን ያረጋገጠ አሰልጣኝ አረንጓዴ ባለ ስምንት ማዕዘን፣ ገና በሥልጠና ላይ ያለ ደግሞ ሮዝ ባለ ሦስት ማዕዘን ይለጥፋል፤ ሁለቱም ሕጋዊ ናቸው። ከሁለቱ አንዱንም ሳይዙ ገንዘብ ተቀብሎ ማስተማር ግን ወንጀል ነው፤ በእኛ ሰዎች መካከል ዋጋ መቀነሱ ብቻ ታይቶ ይህ ስለሚዘነጋ ነው የማነሣው።

መቀየሩን ከመረጡ አሁን ይቀይሩ እንጂ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት አያቆዩት። አዲስ አሰልጣኝ የእርስዎን አነዳድ፣ እርስዎም የአዲሱን መኪና ፍሪሲዮን እስክትለምዱ ጥቂት ትምህርቶች ይባክናሉ። አዲሱ ሰው በፈተናው ቀን ከነመኪናው ነፃ መሆኑንም አስቀድመው ይጠይቁ፤ ቀጠሮውን ለመለወጥ ሙሉ 10 የሥራ ቀናት ካልቀሩት የፈተናው ክፍያ 62 ፓውንድ አይመለስልዎትም።

መልስ፣ የሊድስ ነዋሪ፦

ልጄ፣ ከእኔ በፊት የጻፈችው እኅት ያለችው እውነት ቢሆንም ጥፋቱ ሁሉ በአሰልጣኝ ላይ እንዳይጫን እሰጋለሁ። እኔ በአዲስ አበባና በደሴ መካከል አሥራ አንድ ዓመት የጭነት መኪና ነድቼ እዚህ ሦስት ጊዜ የወደቅሁ ሰው ነኝ። መብራት ባልነበረው ዘመን መስቀል አደባባይን ያቋረጠ ሰው እንዴት በአንዲት ትንሽ የእንግሊዝ አደባባይ ይወድቃል እያልሁ እናደድ ነበር። ነገሩ ግን ያ ነበር። እኛ አፍንጫ እያስገባን፣ ከሌላው ሹፌር ጋር በዓይን እየተነጋገርን ነው የምንገባው፤ እዚህ እንደዚያ የሚያደርግ ሰው የሌላውን መንገድ ዘጋ ተብሎ ይመዘገብበታል። በዚያ ላይ እነርሱ በግራ ስለሚነዱ አዙሪቱም፣ ቅድሚያ የሚሰጠው ወገንም ተገልብጧል፤ እጅ ቢለምደውም ዓይን ቶሎ አይለምደውም።

በሦስቱም ወረቀቶቼ ላይ የተደገመው ስፖኪዮ አለማየት ነበር። የመጀመሪያው አሰልጣኜ ሲነግረኝ «አይቻለሁ» እለው ነበር፤ ሁለተኛው ግን ፍሬቻ ከማሳየቴ በፊት ያየሁትን ነገር ጮክ ብዬ እንድናገር አስገደደኝ፤ «ከኋላ ቀይ አውቶቡስ፣ በግራ ብስክሌት» እያልሁ። የማየውን ነገር መጥራት ሲያቅተኝ ለካ አላይም ነበር። ያ ሰው ባይገጥመኝ አራተኛም እወድቅ ነበር፤ ስለዚህ መቀየር ክፉ ነው አልልም።

ትምህርቱ በአማርኛ መሆኑንም አስቢበት። ከኤፕሪል 2014 ጀምሮ አስተርጓሚ ይዞ መፈተን ቀርቷል። «ሦስተኛውን መውጫ ያዢ» የሚለው ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ሲመጣ አእምሮሽ የሚተረጉምበት አንዲት ሰከንድ በአደባባይ ላይ ብዙ ናት። ስለ ቅያሜው አትጨነቂ፤ የመንዳት አስተማሪ እኮ ተማሪው ሲያልፍም ይለየዋል።

ጠያቂ (ከዘጠኝ ቀን በኋላ)፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መታወቂያቸው አረንጓዴው ነው፤ በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባችሁ። ቅዳሜ ዕለት «ዛሬ እንደ ፈታኝ ዝም ይበሉልኝ» ብዬ ስለምናቸው ስቀው እሺ አሉኝ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት አደባባዮች ቃላቸውን ጠበቁ፤ እኔም ብዘገይም በራሴ ገባሁ። በሦስተኛው ላይ ሦስት መኪኖች ከኋላዬ ሲቆሙ፣ ጉልበታቸው ላይ የነበረው ቀኝ እጃቸው ብድግ ብሎ ወደ ፊት ተወዛወዘ። አፋቸው አልተናገረም፤ እጃቸውን ማንሣታቸውንም አላወቁም። እኔም መግባቴን ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው።

መኪናውን ጥግ አስይዤ ያየሁትን ነገርኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «ለካ እኔ ነኝ የምነዳው» አሉ። በእንግሊዝኛ ከምታስተምር አንዲት አሰልጣኝ ጋር ለፊታችን ሐሙስ የሁለት ሰዓት ትምህርት መያዜን የነገርኋቸው ያን ጊዜ ነው። አልተቀየሙም፤ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ማየት ይችሉ እንደሆነ ብቻ ጠየቁኝ። አሰልጣኟን ጠይቄ እነግርዎታለሁ ብያቸዋለሁ።