ገበሬው ሚዛኔን እንዲያምን ምን ላድርግ?

አዲሱ ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። ዘንድሮ ከጥቅምት ጀምሮ አጋሮ አካባቢ እሸት ቡና እየሰበሰብኩ ነው። ከእኔ በፊት እዚያ ይገዛ የነበረ ሰው ከየማዳበሪያው ሁለት ሦስት ኪሎ ይቆርጥ ነበር አሉ። አሁን አንድ እናት ቡናቸውን አሸክመው ሲመጡ የሚያዩት ቁጥሩን ሳይሆን የእኔን እጅ ነው። እኔ ግራም ነክቼ አላውቅም። ግን በምን አፌ ልንገራቸው?

«ዋጋ ጨምር» ይሉኛል። አንድ ኪሎ የታጠበ ቡና ለማግኘት ስድስት ኪሎ ገደማ እሸት ይፈልጋል። በኪሎ ሁለት ብር ብጨምር ትርፌ አለቀ። እሸቱ ደግሞ ሳያድር መፈልፈል አለበት። መኪናው ሳይሞላ ከሄደ ኪሳራው የእኔ ነው። እባካችሁ ምከሩኝ።

የድሮ ሰብሳቢ፦
ወንድሜ፣ በአፍህ አትንገራቸው። ባዶ ጀሪካን ይመዘን። ከዚያ በሁለት ሊትር ሃይላንድ አሥር ጊዜ ውሃ ይሙሉበትና እንደገና ይመዘን። ልዩነቱ 20 ኪሎ መሆን አለበት። ጀሪካኑ የእነሱ ይሁን፣ ውሃውንም እነሱ ይቅዱ። አንተ እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት።

የሊሙ ልጅ፦
እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። ሚዛኑ ብቻ አይደለም። ዋጋ ሲወርድ ብዙዎቹ ስልክ አያነሱም፤ ቡናው ተለቅሞ ደጅ ላይ ይቀራል። አባቴ የሚሸጥለት ሰው ግን ገና ለቀማ ሳንወጣ በጠዋት ደውሎ «ዛሬ ወርዷል፣ ብታቆዩት ይሻላል» ይላል። አያቴ ያረፈችው ነሐሴ ላይ ነው፣ አንድ ፍሬ የሚለቀም ቡና በሌለበት ወር። ሰውየው ያን ጭቃ በእግሩ አቋርጦ ለቅሶ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ አባቴ ሌላ ሰው ዋጋ ሲጠራለት እንኳ ቆሞ አይሰማም።

አዲሱ ሰብሳቢ፦
ዛሬ ሞከርነው። አንድ አባት ጀሪካናቸውን ከቤት አምጥተው ራሳቸው ቀዱ። ልዩነቱ 19 ተኩል ሆነ። ደግመን መዘንን፣ ያው ነው። ለካ ሳላውቅ ከየ20 ኪሎው ግማሽ ኪሎ ስወስድባቸው ነበር! ሰውነቴ ራደ። እዚያው ፊታቸው ላይ ተናገርኩ። አባትየው ምንም አላሉም፣ ጀሪካናቸውን አንስተው ሄዱ። ሚዛኑን ነገ እቀይራለሁ። የእያንዳንዱ ሰው ስምና ኪሎ መዝገቤ ላይ አለ፣ 43 ሰው ነው። ዕዳውን በብር ልስጣቸው ወይስ በሚቀጥለው ሚዛን ላይ ልደምርላቸው?

የድሮ ሰብሳቢ፦
በብር። ቤታቸው ድረስ ሄደህ። እጅህን ከሚያዩት እናት ጀምር።