ቴኳንዶና ቦክስ አብሮ ይሄዳል ወይ? ጎንደር ላይ የምትሰሩ እስቲ መልሱልኝ

ማራኪ ሰፈር፦
ሰላም እንዴት ከረማችሁ። ቴኳንዶ ከልጅነቴ ጀምሮ ነው የሰራሁት፣ አሁን ቀይ ቀበቶ ነኝ፣ በቅርቡ ደሞ አዘዞ ካለ ጓደኛዬ ጋ ቦክስ ጀመርኩ። ችግሩ ሁለቱ አልገናኝ አሉኝ፣ እርግጫ ላነሳ ስል እጄ ይወርዳል፣ እጄን ልጠብቅ ስል ደሞ እርግጫው ይጠፋብኛል። አሰልጣኜ መጀመሪያ አንዱን ጨርስ ይለኛል፣ ቦክስ የሚሰሩት ልጆች ደሞ ቴኳንዶውን ተወው እሱ ጭፈራ ነው ይላሉ፣ ይሄ በጣም ነው የሚያናድደኝ። ኤምኤምኤ (ቡጢ፣ እርግጫና ትግል የተቀላቀለበት ውድድር) የሚጫወቱት ግን ሁሉንም ነው የሚሰሩት፣ እንዴት ነው የሚያዋህዱት?

የአራዳው፦
ወንድሜ የተጋጨብህ ቴክኒኩ አይደለም፣ አቋቋምህ ነው። በወርልድ ቴኳንዶ (የቴኳንዶ አለም አቀፍ ፌዴሬሽን) ህግ ፊትን በቡጢ መምታት ክልክል ነው፣ ከወገብ በታች መርገጥም ክልክል ነው፣ ጭንቅላት ላይ የገባ እርግጫ 3 ነጥብ ነው፣ ደረት ላይ የገባ ቡጢ ግን 1 ብቻ። ስለዚ ሰውነትህ ስንት አመት ሙሉ የለመደው በጎን መቆም፣ የፊት እግርን ቀለል ማድረግና እጅን ዝቅ አርጎ መንቀሳቀስ ነው፣ እዛ ህግ ውስጥ ደሞ ትክክል ነው። ቦክስ ላይ ቡጢው ከኋላ እግር ተነስቶ በወገብ አልፎ ነው የሚወጣው፣ ደረትህ ትንሽ ወደ ሰውየው ካልዞረ የኋላ እጅህ አይደርስም። ሎው ኪክ (እግር ላይ የሚመታ ዝቅ ያለ እርግጫ) ያለበት ጨዋታ ከገባህ ደሞ ያ በጎን የቆመው የፊት እግርህ ነው መጀመሪያ የሚመታው።

እኔ የምልህ ሁለቱን ለየብቻ እየሰራህ አንድ ቀን ይገናኛሉ ብለህ አትጠብቅ፣ መሀል ላይ ያለችውን አንዷን እርምጃ ነው መስራት ያለብህ። ለምሳሌ ጃብ (የፊት እጅ ቀጥታ ቡጢ) ከዛ ክሮስ (የኋላ እጅ ቀጥታ ቡጢ) ወርውር፣ ክሮሱ ሲወጣ ወገብህ ዞሯል አይደል፣ ሲመለስ የፊት እግርህን ይዞት ይምጣና ዶልዮ ቻጊ (ከጎን ዞሮ የሚመጣውን እርግጫ) አስከትል። ወይ ደሞ በኋላ እግርህ ርገጥና እግሩን ወደ ኋላ ከመመለስ ወደፊት አሳርፈው፣ እዛው ቡጢ የሚደርስበት ርቀት ላይ ነህ። እርግጫው ሲወጣ አንድ እጅህ አገጭህ ጋ ይቅር፣ ይሄን በዝግታ ብዙ ጊዜ ደጋግመው፣ ከዛ ቀለል ባለ ስፓሪንግ (ከሰው ጋ የልምምድ ግጥሚያ) ሞክረው። በባዶ ሜዳ የሰራኸው ሌላ ነው ሰው ሲመልስልህ ሌላ ነው።

ሸማኔ፦
የአራዳው ልክ ብሏል። እኔ ግን "አትቀላቅል" ለሚሉት ነው የምመልሰው ምክንያቱም ንጹህ ስታይል የሚባል ነገር ከየት እንደመጣ አላውቅም። ጁዶ ራሱ ጂጎሮ ካኖ በ1882 ሲጀምረው የተማራቸውን የጁጂትሱ (የድሮ የጃፓን ትግል) ትምህርት ቤቶች አዋህዶ፣ አደገኛውን ቀንሶ፣ በሙሉ ጉልበት መታገል የሚቻለውን ይዞ ነው የሰራው። ብሩስ ሊም ከአስተማሪው ከኢፕ ማን የተማረውን ዊንግ ቹን የሚባል የኩንግ ፉ ስልት መነሻ አርጎ ከቦክስም ከፌንሲንግም (የሰይፍ ስፖርት) ወስዷል፣ ለራሱ ስልት ጂት ኩን ዶ ብሎ ስም ያወጣለት በ1967 ነው። በ1993 ዴንቨር ላይ የመጀመሪያው ዩኤፍሲ (ትልቁ የኤምኤምኤ ውድድር) ሲደረግ ሮይስ ግሬሲ በብራዚል ጁጂትሱ መሬት ላይ እየጣለ አሸነፈና አለም ሁሉ መሬት ላይ መታገል መማር ጀመረ።

ለኔ ምርጡ ምሳሌ ግን የዩኤፍሲ ሻምፒዮን የነበረው ዣርዥ ሴንት ፒየር ነው። በልጅነቱ ኪዮኩሺን የሚባለውን የካራቴ አይነት ነው የሰራው፣ ሬስሊንግ (ትግል) በኋላ ነው የጨመረው፣ ግን እንደሱ ሰው የሚጥል ጥቂት ነው። ለምን መሰለህ፣ ጃቡን ያሳይሃል፣ አንተ ፊትህን ልትከላከል እጅህን ስታነሳ እሱ እግርህ ስር ገብቷል። ቡጢውና ጠለፋው የማይለይ አንድ ነገር ሆኗል። ማዋሃድ ማለት እሱ ነው፣ ብዙ ቴክኒክ መሰብሰብ አይደለም።

ደባርቄዋ፦
ሁላችሁም ትግሉን ረሳችሁት። ከብት ጥበቃ ላይ ሲታገል ካደገ የገጠር ልጅ ጋ ሞክሩና ታዩታላችሁ፣ እርግጫህን አንዴ ከያዘልህ ሌላኛውን እግርህን ጠልፎ ነው የሚጥልህ፣ ጥቁር ቀበቶም አያድንህም። እኔ ጁዶ ትንሽ ስሰራ መጀመሪያ ያስተማሩኝ አወዳደቅ ነበር፣ አገጭን ደረት ላይ አርጎ በክንድ መሬቱን መምታት፣ አንተም ከዛ ጀምር። ሲሚንቶ ላይ ግን በፍጹም እንዳትሞክሩት፣ ፍራሽ ከሌለ ሳር ያለበት ሜዳ ፈልጉ። አሰልጣኝህን ደሞ አትደብቀው እባክህ፣ ያሳደገህ ሰው ነው፣ ከሌላ ሰው ከሚሰማ ራስህ ንገረው።

ማራኪ ሰፈር፦
በጣም አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ለአሰልጣኜ ነገርኩት፣ ዝም ብሎ ሰማኝና የጥቁር ቀበቶ ፈተናህን እስክትጨርስ ፑምሴህ (ብቻህን በቅደም ተከተል የምትሰራው የቴኳንዶ እንቅስቃሴ) እንዳይበላሽ አለኝ፣ ቦክሱን ግን ተው አላለኝም። የአራዳው፣ ከእርግጫ በኋላ ወደፊት ሳርፍ ሰውየው እየመታኝ ነው የምገባው፣ እሱንስ ምን ላርገው?

የአራዳው፦
ቀጥ ብለህ ስለምታርፍ ነው። እግርህ መሬት ሲነካ ከሱ የፊት እግር በውጪ በኩል ይሁን፣ ጭንቅላትህንም ከመሀል መስመር አውጣው፣ ያኔ የኋላ እጁ አይደርስብህም። ቅዳሜ ጠዋት ፒያሳ ከሆንክ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ አብረን እንሰራዋለን፣ ጓንትና የጥርስ መከላከያ ይዘህ ና።