አስቸኳይ፦ ዘፈኖቼ በሙሉ ከፉባር ጠፉ፣ ነገ ማታ እፈልጋቸዋለሁ

እንዚራ፣ ከምሽቱ 2፡40
ሰላም ቤተሰብ፣ ቶሎ የሚደርስልኝ ካለ እባካችሁ። ኮምፒውተሩን ስከፍት ሙዚቃ ማጫወቻዬ ፉባር2000 ላይ ላይብረሪው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ፕሌይሊስቶቹ ስማቸው አለ፣ ዘፈኖቹም ተደርድረው ይታያሉ፣ ግን የትኛውንም ስነካ «ሊከፈት አልቻለም፣ አልተገኘም» ይልና ወደሚቀጥለው ይዘላል። ትናንት ማታ ደህና ነበር። በጠቅላላው ወደ 11 ሺህ ዘፈን ነው። ነገ ማታ ለእንግዶች የማጫውተው 140 ዘፈን ያለበት ዝርዝር አለ፣ ቅደም ተከተሉን እንደገና ልሥራ ብል አልችልም። ዲስኩ የሞተ መሰለኝ። ኤዲት የሚለው ውስጥ «ሪሙቭ ዴድ አይተምስ» አየሁ፣ እሱን ብጫነው ይስተካከላል? ወይስ ፎርማት አድርጌ እንደ አዲስ ልጀምር?

ክራር፣ ከምሽቱ 2፡46
እንዳትነካው! ሪሙቭ ዴድ አይተምስ ማለት ፋይላቸው ያልተገኘውን ሁሉ ከዝርዝሩ አስወጣ ማለት ነው። አሁን አንዱንም ስላላገኘ 140ውንም ጠርጎ ያወጣቸዋል። ፎርማትንማ ጭራሽ አታስበው። ፉባሩን ዝጋውና እነዚህን መልስልኝ፦ ዘፈኖቹ ያሉት ኮምፒውተሩ ውስጥ ባለው ዲስክ ነው ወይስ በዩኤስቢ በሚሰካ? «ዚስ ፒሲ» ስትከፍት ዲስኩ ይታያል? ፊደሉ ምን ይላል? ከትናንት ወዲህ ሌላ የሰካኸው ነገር አለ?

ከበሮ፣ ከምሽቱ 2፡49
ሳይሞት ለቅሶ አትቀመጥ ወንድሜ። የሚሞት ዲስክ ብዙ ጊዜ ምልክት ይሰጣል፦ ፎልደር ለመክፈት ደቂቃ ይፈጃል፣ ኮፒ ሲደረግ መሀል ላይ ቀጥ ይላል፣ ወይም ቋቋታ ያሰማል። 11 ሺህ ዘፈን በአንድ ሌሊት በሥርዓት ተሰልፎ ከጠፋ፣ ዘፈኑ ሳይሆን መንገዱ ነው የጠፋው።

እንዚራ፣ ከምሽቱ 2፡55
ሴት ነኝ፣ ግን ችግር የለም። የሚሰካ ባለ 2 ቴራ ነው። ይታያል፣ ፎልደሮቹም አሉ!! ከፎልደሩ ገብቼ ዘፈኑን ሁለቴ ስጫነው በሌላ ማጫወቻ ይጫወታል። ፊደሉ ኤፍ ይላል። ሌላ ምንም አልሰካሁም። ፍላሽ ብቻ፣ ወረቀት ለማተም፣ ከትናንት ጀምሮ እንደተሰካ ነው።

ክራር፣ ከምሽቱ 3፡04
«ፍላሽ ብቻ» ያልሽው ነው ጉዱ። ፉባር ዘፈኑን ራሱ ጋ አያስቀምጥም፣ አድራሻውን ነው የሚይዘው። አድራሻው የሚጀምረው በድራይቩ ፊደል ነው። ዲስክሽ እስከ ትናንት ኢ ነበረ። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ፍላሹ ቀድሞ ኢን ያዘ፣ ዲስኩ ሲመጣ ቦታው ስለተያዘ ዊንዶውስ ኤፍን ሰጠው። ፉባር አሁንም ኢ ውስጥ ገብቶ ይፈልጋል፣ እዚያ ያለው ግን ያንቺ ወረቀት ነው። ቤቱ ቦታው ላይ አለ፣ የተቀየረው የቤት ቁጥሩ ነው።

እንዲህ አድርጊ፦
1. ፉባር ሙሉ በሙሉ ይዘጋ። ከሰዓቱ አጠገብ ባለው ትሪ ተደብቆ ሊሆን ስለሚችል እዚያም እይ።
2. ፍላሹን በኢጀክት አውጪው። ይህን ካልዘለልሽ ብቻ ነው ኢ ነጻ የሚሆነው፤ ፍላሹ እንደተሰካ ከሆነ በምርጫው ውስጥ ኢን አታገኚውም።
3. የዊንዶውስ ቁልፍና ኤክስን አንድ ላይ ተጫኚ፣ «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ምረጪ።
4. ዲስክሽን በፊደሉ ሳይሆን በመጠኑ ለዪው። ባለ 2 ቴራ ዲስክ እዚያ 1.8 ቴራ ገደማ ሆኖ ነው የሚታየው፣ አትደንግጪ፣ የአቆጣጠር ልዩነት ነው።
5. እሱ ላይ ራይት ክሊክ፣ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ»፣ ከዚያ «ቼንጅ»፣ ኢን መርጠሽ ኦኬ። በዚህ ፊደል የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሊቆሙ ይችላሉ ብሎ ያስጠነቅቅሻል፤ የስ በዪው።

እዚያው ዝርዝር ውስጥ «ፎርማት» እና «ዲሊት ቮልዩም» ስላሉ እጅሽ እንዳይስት። ሲ ላይ ደግሞ ምንም አትንኪ። ስትጨርሺ ፉባርን ክፈቺው፣ ላይብረሪው ራሱ ይሞላል፣ ዝርዝርሽም ቅደም ተከተሉን እንደያዘ ይጫወታል።

በገና፣ ከምሽቱ 3፡15
መፍትሔው እንዳለ ሆኖ ዋናው ችግር ሌላ ነው፦ 11 ሺህ ዘፈን በአንድ ዲስክ ብቻ! ደንቡ 3-2-1 ነው። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ሌሊትና ቀን ተሰክቶ የሚውል ሁለተኛ ዲስክ ብቻውን በቂ መጠባበቂያ አይሆንም፤ የመብራት መዋዠቅም ቫይረስም ከዋናው ጋር አብሮ ይወስደዋል። ስትገለብጪም ከት ሳይሆን ኮፒ ይሁን፣ ከዚያ የሁለቱንም ፎልደር ፕሮፐርቲስ ከፍተሽ የፋይሉ ብዛትና ባይቱ እኩል መሆኑን አይተሽ ብቻ ነው አሮጌውን የምትለቂው። በሮቦኮፒ (የዊንዶውስ ፋይል መገልበጫ ትእዛዝ) የምትጠቀሚ ከሆነ «ሚር» ከሚለው አማራጭ ተጠንቀቂ፦ መነሻውንና መድረሻውን ካቀያየርሽ፣ ባዶው ዲስክ መነሻ ሆኖ የሞላውን ባዶ ያደርገዋል። በነገራችን ላይ ፍላክ ፋይሎች (ድምፅ ሳይጥሉ የሚጨምቁት) በውስጣቸው የድምፁን ኤምዲ5 ቼክሰም፣ ማለትም የማረጋገጫ ቁጥር፣ ስለሚይዙ ሳይበላሹ መድረሳቸውን ማጣራት ይቻላል፤ ኤምፒ3 ይህ የለውም፣ ስለዚህ ቀድመሽ የራስሽን ቼክሰም ማውጣት አለብሽ። ዝርዝሮቹም ባክአፕ ይፈልጋሉ፣ ሰው ዘፈኑን ይገለብጥና የለፋበትን ፕሌይሊስት ይረሳል።

ከበሮ፣ ከምሽቱ 3፡18
በገና፣ ያልከው ሁሉ ልክ ነው፣ ግን እንግዶቹ ነገ ናቸው። መጀመሪያ ሙዚቃው ይነሣ።

ዋሽንት፣ ከምሽቱ 3፡22
ክራር፣ ኢን መመለስ ያው ችግሩን በቀጠሮ ማቆየት ነው። ዊንዶውስ ለአዲስ ዕቃ የሚሰጠው ከፊት ያለውን ነጻ ፊደል ስለሆነ፣ ዲስኩ ተነቅሎ ፍላሽ በተሰካ ቁጥር ኢ ይወሰዳል። ከኋላ ያለ ፊደል ስጪው፣ ለምሳሌ ኤም። በእጅ የተሰጠን ፊደል ያ ኮምፒውተር ያስታውሰዋል፣ ፍላሽም እዚያ ድረስ አይደርስም።

ክራር፣ ከምሽቱ 3፡27
ለዘለቄታው እውነትህን ነው። ግን ዛሬ ኤም ካደረገችው 140ው ዘፈን አሁንም ኢ ስለሚል ዝርዝሩን ማረም ሊኖርባት ነው። ለነገ ኢ፣ ከእንግዶቹ በኋላ ኤም።

ዋሽንት፣ ከምሽቱ 3፡36
ተስማማሁ። እንግዲህ ለኋላው፦ የፉባር የራሱ የዝርዝር ፋይል (ኤፍፒኤል) በኖትፓድ አይታረምም። መጀመሪያ ዝርዝሩን ከፍተሽ ከፋይል «ሴቭ ፕሌይሊስት»፣ ዓይነቱን ኤም3ዩ8 አድርጊው። 8ቷን አትርሺ! ዩቲኤፍ-8 ማለት ናት፣ የግዕዝንም ፊደል የሚችል የጽሑፍ አቀማመጥ። 8 የሌለው ኤም3ዩ የድሮ አጻጻፍ ሊጠቀም ስለሚችል በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፋይል ካለሽ ስሙ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀራል፣ መንገዱም ይበጠሳል። ፋይሉን ሙዚቃው ያለበት ዋና ፎልደር ውስጥ አስቀምጪው። በኖትፓድ ክፈቺውና እያንዳንዱ መሥመር በምን እንደሚጀምር እይ። በድራይቩ ፊደል የሚጀምር ከሆነ በሪፕሌስ ከፊደሉ አንስቶ እስከ ዋናው ፎልደር ስም መጨረሻ፣ ከተከታዩ ስላሽ ጋር፣ በባዶ ቀይሪው። የሚቀረው «አልበም፣ ስላሽ፣ ዘፈን» ብቻ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ፊደሉ ኢም ይሁን ኤም፣ ኮምፒውተሩም ቢቀየር፣ ፎልደሩና ዝርዝሩ አብረው እስከሄዱ ድረስ ይሠራል። ስታስቀምጪ ኢንኮዲንጉ ዩቲኤፍ-8 መሆኑን አረጋግጪ፤ ከዊንዶውስ 10 የ1903 እትም በፊት የነበረው ኖትፓድ ሳይጠየቅ አንሲን (ግዕዝ የማይችለውን የድሮ አጻጻፍ) ነበር የሚመርጠው።

እንዚራ፣ ከምሽቱ 3፡41
አመሰግናለሁ፣ እየሞከርኩ ነው። እግረ መንገዴን፣ አንዳንድ ዘፈኖች ርዕሳቸው ???? ነው፣ ሌሎቹ ደግሞ ባዶ ሳጥን። ይህም ከፊደሉ መቀየር የመጣ ነው? ደግሞ አንዳንዴ ዘፈን ስነካ 5፣ 6 ሰከንድ ዝም ብሎ ነው የሚጀምረው። ኤምፒ3ዎቹን በሙሉ ወደ ፍላክ ብቀይራቸው ጥራቱም ይህም ይስተካከል ይሆን?

ማሲንቆ፣ ከምሽቱ 3፡52
የድራይቭ ፊደል እዚህ ውስጥ የለበትም። ሳጥንና ጥያቄ ምልክት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው።

ሳጥን፦ ጽሑፉ ደህና ነው፣ ፕሮግራሙ የመረጠው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ፎንቱን ከፕሮግራሙ ማስተካከያ ቀይሪ፣ ያበቃል።

ጥያቄ ምልክት፦ ጽሑፉ ሲጻፍ ነው የሞተው። ኤምፒ3 ውስጥ ያለው አሮጌው ታግ (የዘፈኑ ርዕስና የዘፋኙ ስም የሚጻፍበት ቦታ)፣ አይዲ3 ቁጥር 1፣ ለርዕስ 30 ባይት ብቻ ነው ያለው፣ የላቲን ፊደል እንጂ ግዕዝ አይችልም። አንድ ፕሮግራም እዚያ ውስጥ አማርኛ ለመጻፍ ሲሞክር እያንዳንዱ ፊደል «?» ይሆናል። ያ የተጻፈው ተመልሶ አይነበብም፣ ፎንት ቢቀየርም ለውጥ የለውም።

የሚደረገው፦ ኤምፒ3ታግ በሚባለው የታግ ማረሚያ ፕሮግራም ኦፕሽንስ፣ ታግስ፣ ኤምፔግ ውስጥ ገብተሽ መጻፊያውን አይዲ3 ቁጥር 2.3 በዩቲኤፍ-16 አድርጊ። እዚያው አጠገቡ በአይኤስኦ-8859-1 የሚል አማራጭ አለ፣ ጠላትሽ እሱ ነው። ከዚያ የፋይሉ ስም በአማርኛ ደህና ከሆነ «ኮንቨርት» ውስጥ ከፋይል ስም ወደ ታግ የሚለውን ምረጪ፦ ስሙ «ዘፋኝ፣ ሰረዝ፣ ርዕስ» በሚል ከተጻፈ ያንኑ ቅርጽ ትነግሪውና መቶውን ዘፈን ባንዴ ይመልስልሻል። መጀመሪያ በአምስት ፋይል ሞክሪ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ልብ አይለውም። ኮምፒውተር ጸሐይ እና ፀሐይን አንድ ቃል ናቸው ብሎ አያምንም። ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰ፣ ሠ፣ አ፣ ዐ፣ ጸ፣ ፀ ለሱ የተለያዩ ፊደሎች ናቸው። አንዱ ዘፋኝ ላይብረሪው ውስጥ ሦስት ቦታ ተበትኖ የሚገኘው በዚህ ነው፤ ስትፈልጊም አንዱን ጽፈሽ ሌላውን አታገኚም። የዘፋኞቹን ስም በአንድ አጻጻፍ ወስነሽ ታጉን አስተካክዪ። የቱ ልክ ነው የሚለውን ክርክር ለቋንቋ ሊቃውንት ተዪው፣ እዚህ የሚያስፈልገው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ጸናጽል፣ ከምሽቱ 3፡58
ወንድሜ፣ ድራይቭ ሌተሩ ተቀይሮብህ ነው። ዲስክ ማኔጅመንት ገብተህ ቀይረው። ወደ ፍላክ መቀየሩም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ጥራቱ ይጨምራል።

ከበሮ፣ ከምሽቱ 4፡01
ጸናጽል፣ እህታችን ናት፣ ሌተሩም ከአንድ ሰዓት በፊት ተነግሯታል። ፍላኩን ግን እንዳታደርጊው። ኤምፒ3 ሲሠራ የተጣለው ድምፅ ተጥሏል፣ ፍላክ የተጣለውን አያመጣም፣ የቀረውን ነው በትልቅ ዕቃ የሚያስቀምጠው። የተጨመቀ ጭማቂን በትልቅ ጆግ ብትገለብጪው አይበዛም። ሒሳቡን እይው፦ በ320 ኪሎቢት ኤምፒ3 በደቂቃ 2.4 ሜጋባይት ነው፣ 11 ሺህ የአራት አራት ደቂቃ ዘፈን ወደ 105 ጊጋባይት ይሆናል። ፍላክ ካደረግሽው ከእጥፍ በላይ ይሄዳል፣ ጆሮሽ የሚያገኘው ግን ያንኑ ነው። ፍላክ የሚጠቅመው ከሲዲ በቀጥታ ስትገለብጪ ነው። አንድ ጥሩ ጎን አለው፣ ታጉ ሁልጊዜ ዩቲኤፍ-8 ስለሆነ የማሲንቆ ጥያቄ ምልክት እዚያ አይደርስም።

ዋሽንት፣ ከምሽቱ 4፡09
የ5 ሰከንዱ ዝምታ፦ የሚሽከረከር ዲስክ ሥራ ሲያጣ ይተኛል፣ ስትነኪው እስኪነሣ ነው። ፓወር ኦፕሽንስ፣ አድቫንስድ ውስጥ «ተርን ኦፍ ሃርድ ዲስክ አፍተር» የሚለውን 0 አድርጊው፣ «ዩኤስቢ ሰሌክቲቭ ሰስፔንድ»ንም ዝጊው። አንዳንድ የሚሰኩ ዲስኮች በራሳቸው ሰሌዳ ስለሚተኙ ይህ ላይበቃ ይችላል። መሀል ላይ የሚቆራረጥ ከሆነ ደግሞ ፉባር ውስጥ ፕሪፈረንስስ፣ አድቫንስድ፣ ፕሌይባክ፣ «ፉል ፋይል ባፈሪንግ አፕ ቱ» 20000 አድርጊው። ቁጥሩ በኪሎባይት ነው፣ አንድ የአራት ደቂቃ ኤምፒ3 10 ሜጋባይት ስለማይሞላ ሙሉ ዘፈኑ ቀድሞ ሜሞሪ ላይ ይገባል።

ለማንኛውም ክሪስታልዲስክኢንፎ (የዲስክን ጤና የሚያሳይ ፕሮግራም) አውርደሽ ዲስኩን እይው። 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉት መሥመሮች መጨረሻ ላይ ያለው ቁጥር ዜሮ ይሁን። ሲ5 ከዜሮ በላይ ከሆነ ቼክዲስክ (የዊንዶውስ ዲስክ መፈተሻና መጠገኛ) ከማስኬድሽ በፊት መጀመሪያ ኮፒ አድርጊ፣ ቼክዲስክ የታመመን ዲስክ ያደክመዋል። ሲ7 ብቻ ከጨመረ ግን ችግሩ ዲስኩ ሳይሆን መገናኛው ሊሆን ይችላል።

ክራር፣ ከምሽቱ 4፡30
እንዚራ፣ ተሳካልሽ? ኢ አሁንም በምርጫው ውስጥ ካልታየሽ ዘግተሽ ክፈቺው፣ ፍላሹ ሳይሰካ።

በገና፣ ጠዋት 1፡15
እንዚራ፣ ከመጀመርሽ በፊት 140ውን ዘፈን ለብቻው ወደ ኮምፒውተሩ ዲስክ ገልብጪው። 1.4 ጊጋባይት እንኳ አይሞላም። ማታ የዲስኩ ገመድ ቢነቀልም ሙዚቃው አይቆምም።

ከበሮ፣ ጠዋት 1፡20
ይህን ትናንት ማታ ብትጀምርበት ኖሮ በገና! ከሁሉም የሚሻለው ምክር ይኸው ነው። ሲገለብጥ ፉባር አድራሻውን ስለማይከተል፣ የተገለበጡትን ዘፈኖች ወደ አዲስ ፕሌይሊስት ጎትታ ማስገባት አለባት። ቅደም ተከተሉ እንዳይበላሽ ስማቸው ፊት 001፣ 002 እያለ ቁጥር ይግባበት። 1፣ 2 ብቻ ከሆነ 10ኛው ከ2ኛው በፊት ሊመጣ ይችላል።

ክራር፣ ከቀኑ 7፡05
እንዚራ፣ አለሽ?